የአያሌው ለቅሶ

እናቴ አያሌው ለሚባል ሰው ብላ ጸጉሯን የተቆረጠች ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አያሌውን እሷም አታውቀው፣ እኔም አላውቀው። የወይዘሮ ገንዘቤ ወንድም ነው፣ መርሐቤቴ ላይ በድንገት ሞተ፤ የተባልነው ይኸው ብቻ ነው። ወይዘሮ ገንዘቤ ደግሞ በዚያን ጊዜ እግዜር ከፈጠረው ሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላት ሴት ነበረች። እናቴ ለዚያች ሴት ወንድም ያን ያህል መንሰቅሰቋ ለብዙ ዓመታት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ኖረ።

ቤታችን ከቦሌ መንገድ ወረድ ብሎ፣ አውሮፕላን ሲነሳ የጣሪያው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥበት ሰፈር ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል፤ የእኛ ጓሮ የት ጋ እንደነበር ብትጠይቁኝ በጣቴ ማሳየት አልችልም። ያኔ ግን ጓሯችን የአባቴ ዓለም ነበር። አባቴ አቶ አረጋዊ አናጢ ነው። ፍቅፋቂው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ይደርስ ነበር፤ የጽድና የባሕር ዛፍ ሽታ ከልብሳችን አይለቅም። እናቴ ፍረወይኒ ምግብ ስታቀርብ መጀመሪያ ከወጡ ላይ ፍቅፋቂ ትለቅማለች፤ ከዚያ ነው «ብሉ» የምትለን።

1977 ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ ቀለም ይቀባል። በቦሌ መንገድ እንግዶች ስለሚያልፉ፣ ከመንገዱ የሚታየው የሰፈራችን ክፍል በቆርቆሮ ታጥሮ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀባ። እኔ ለእኛ ተብሎ ያማረ መስሎኝ አጥሩን እየዳሰስኩ ስሄድ እጄን ቀለም ነካው፤ ለሦስት ቀን አልታጠብም ብዬ አስቸገርኩ።

ወይዘሮ ገንዘቤ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሰማያዊ ዩኒፎርሟ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሴት ነች። ቤቷ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። በስብሰባ ላይ ቆማ ትእዛዙን ስትናገር እናቴ ጎን ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ከጳጉሜን አንድ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት ባንዲራ ይሰቅላል፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ጫፍ ይደርሳል፣ ማታ ይወርዳል።

«ባንዲራ የሌለው ቤት ምክንያት ይኖረዋል ማለት ነው» አለች፤ «ምክንያቱን ደግሞ እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው መጥቶ ይጠይቃል።»

ጭብጨባ ሆነ። እኔ ዛቻ ነው ብዬ ጠላኋት። ዛሬ ያቺን አረፍተ ነገር ሳስባት፣ ዛቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነበረች። «እኔ ሳልሆን» ያለችውን ልብ የሚል ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?

የባንዲራውን እንጨት የሠራው አባቴ ነው። የሰፈሩን እንጨት በሙሉ። ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ይልጥና ጫፉ ላይ ከባዶ የክር ማጠንጠኛ የሠራትን ትንሽ መንኮራኩር ይገጥማል፤ ገመዱ በእሷ ላይ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። «የአረጋዊ እንጨት ተያዘብኝ የሚል ሰው የለም» ይባል ነበር። እኔም በዚህ ነገር ትምህርት ቤት እኮራበታለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው ከረሜላ የሚሰጠው ሰውዬ የመጣው። እህቴ ብርኽቲ በማትሪክ ጥሩ ነጥብ አምጥታ ወደ ኪየቭ ሄደው ሕክምና ከሚማሩት ልጆች ጋር ስሟ ወጥቶ ነበር። ከመሄዷ በፊት ግን ስለ እሷና ስለ ቤተሰቧ መጠየቅ፣ መጣራት አለበት። ይኼ ሰውዬ ነው አጣሪው። ካኪ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ በሰፈሩ እየዞረ ሁሉን ሰው በፈገግታ ያነጋግራል። እኛን ልጆቹን ደግሞ ራሳችንን እየዳበሰ ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል።

«ያንቺስ ስም ማነው?»

«ንግሥቲ።»

«ጎበዝ። ወንድም አለሽ ንግሥቲ?»

«አለኝ፤ ዘርአጽዮን ይባላል። ዘርኡ ነው የምንለው። አሰብ ነው ያለው፣ ከመርከብ ዕቃ ያወርዳል። ለገና ሲመጣ ቴምር ያመጣልኛል።»

«ባለፈው ገናስ አመጣልሽ?»

«ባለፈው ፈቃድ አልሰጡትም። አለቃው ክፉ ነው።»

ሳቀ፤ ሁለተኛ ከረሜላ ጨመረልኝ። በሰፈሩ እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው የለም አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ማለቴ፣ ለእኔ እውነት ነበር። ዘርኡ አሰብን በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ፣ አንድ ማለዳ ከቤት ወጥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ በረሃ እንደገባ፣ ወላጆቼ ከአፌ እንዳያመልጥ ብለው ከሕፃንነቴ ጀምሮ አሰብን እንዳጎረሱኝ ያወቅኩት ሰው ሆኜ ነው። እማዬና አባዬ በትግርኛ ሲያወሩ ድምፃቸውን ለምን ዝቅ እንደሚያደርጉም ያኔ አልገባኝም። ትግርኛ በሹክሹክታ የሚነገር ቋንቋ ይመስለኝ ነበር።

ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ የአባቴ ዘመድ ተወልደብርሃን መጣ። በደሴ መስመር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲመጣ ሁልጊዜ ሸንኮራ ይዞልኝ ይመጣል። ያን ቀን ባዶ እጁን ነበር። ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። አባቴ ሳንቃ እየላገ ነበር። ተወልደብርሃን ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። መላጊያው ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ጀመረ። አባቴ ያንኑ ሳንቃ እየላገ፣ እየላገ፣ ሰውዬውን ቀና ብሎ ሳያየው፣ ሳንቃው ሳስቶ በመሐል እስኪበሳ ድረስ ላገው። አባቴ እንጨት ሲያበላሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ እማዬን ጠሯት። እኔን ብርኽቲ ጨው እንድገዛ ወደ ሱቅ ላከችኝ፤ እሷም ለፎቶግራፍ ወደ ከተማ ወጣች። ስመለስ እማዬ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳዋለች። አባዬ ትከሻዋን ይዟል።

«እማዬ ምን ሆነች?»

«ጥርሷን ነው» አለ አባዬ። «ጥርሷን አሟት።»

ማታ አገጯን በሻሽ አስራ ቁጭ ብላ ብርኽቲ ስለ ኪየቭ በረዶ ስትተርክ አዳመጠች። ዓይኗ አብጧል። እኔ ቅርንፉድ እያመጣሁ «ነክሰሽ ያዢው» እላታለሁ። እሺ ብላ ነከሰችው። በአፏ ሙሉ ቅርንፉድ ይዛ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

የዘርኡን ሞት ለብርኽቲ አልነገሯትም። ኮሚቴው ገና ሊያነጋግራት ነው፤ ብርኽቲ ደግሞ ሆዷ ያለው ፊቷ ላይ ነው። ከነገሯት እህቴ ትቀራለች፤ ምናልባትም ከመቅረት የባሰ ነገር ይመጣል። እናት ለልጇ የማልቀስ መብቷን ነው የሰጠችው፤ ሌላዋ ልጅ እንድትሄድላት። የእኛ ወግ ደግሞ ለቅሶን ብቻህን አያስለቅስህም። ሰው ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ደረት ይደቃል፤ ያልተለቀሰለት ሰው ሞቷልም አይባል፣ አለም አይባል። ዘርኡ በዚያ ሁለት ቀን ሳይሞትም ሳይኖርም መሐል ላይ ነበር።

ጳጉሜን አንድ ጠዋት ስነቃ የሰፈሩ ባንዲራ ሁሉ ጫፍ ላይ ወጥቷል፤ የእኛ ግን እንጨቱ ወገብ ላይ ቀርቷል። አባዬ ከሥሩ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«አባዬ፣ አልወጣም እኮ!»

«ገመዱ ተይዞ ነው።»

አፈርኩ። የአረጋዊ እንጨት ለአረጋዊ ተያዘበት! የጎረቤት ልጆች ምን ይሉኛል ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ልውጣና ላላቅቀው ስል ክንዴን ያዘኝ፤ እንደዚያ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም።

ወዲያው የወይዘሮ ገንዘቤ በር ተከፈተ። በየማለዳው ቤት ለቤት እየዞረች ባንዲራ ትቆጣጠራለች። መንገዱን አቋርጣ መጥታ አጥራችን ጋ ቆመች። ወደ ላይ ባንዲራውን አየች። ከዚያ አባዬን። ከዚያ በሩ ላይ አገጯን አስራ የቆመችውን እናቴን። ትጮህብናለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ከእማዬ ላይ ሳታነሳ ቆመች። በዚህ መሐል ከታች፣ ከቀበሌው ሱቅ በኩል፣ ካኪ የለበሰው ሰውዬ ብቅ አለ። ያኔ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«አንተ አረጋዊ! አንተን እኮ ነው!» አባቴን «አንተ» አለችው! «የሰፈሩን እንጨት ሁሉ ቀጥ አርገህ አቁመህ የራስህ ገመድ ይያዝብህ? አታፍርም? ባንዲራ በወገብ ይሰቀላል? ዘወር በል!»

ገፋችው። ገመዱን ይዛ ሳበችው። ባንዲራው ምንም ሳይያዝ፣ እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ ጫፍ ደረሰ። ሰውዬው አጠገባችን ሲደርስ ዞር ብላ ሳቀች።

«አየህ ጓድ፣ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ! ለሰው ሲሠራ እንዲህ አይደለም፤ ለራሱ ሲሆን ሰነፍ!»

እሱም ሳቀ። አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ መሬት መሬት ያያል። እኔ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አባቴ ፈሪ ነው ብዬ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። አባቴ በዚያ ማለዳ በመላው ሰፈር ፊት ለልጁ ባንዲራ ዝቅ ያደረገ ሰው ነበር። ሐዘን አስደፈረው እንጂ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ድፍረት የሞከረ አልመሰለኝም። ይህ የገባት አንዲት ሴት ብቻ ነች፤ የአረጋዊ ገመድ እንደማይያዝ ከማንም በላይ ታውቃለችና።

ማታ ወይዘሮ ገንዘቤ የባንዲራውን አወራረድ አያለሁ ብላ መጣች። ከእማዬ ጋር ወደ ጓዳ ገቡ። በሩ ሥር ጆሮዬን ብለጥፍም የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው።

«እዚህ አይሆንም፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። እኔ ቤት ነው የሚሆነው» ትላለች ወይዘሮ ገንዘቤ።

«አይሆንም፣ አንቺን ያጠፉሻል።»

«እኔን ተይኝ። አንቺ ብቻ ነይ። የፈለግሽውን ያህል።»

የጉልበት ሥራ ልታዛት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለበዓሉ ዳቦ ልታስጋግራት። በታመመ ጥርሷ!

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ በጩኸት ተነሳ። «ወንድሜን! ወንድሜን! አያሌውን!» ወይዘሮ ገንዘቤ ዩኒፎርሟን ሳትለብስ፣ በቀሚሷ፣ ደረቷን እየደቃች መንገድ ላይ ወጥታለች። ሴቶች ከየቤቱ ሮጡ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ለእማዬ እንዲህ ስትላት ሰማሁ።

«ወንድም ነበራት እንዴ? አንድ ቀን ስታነሳው ሰምቼ አላውቅ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!»

እማዬ ከአገጯ ላይ ሻሹን ፈታ መንገድ ጀምራ ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ ተቆጣ። በበዓል ዋዜማ፣ እንግዳ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ድንኳን አይተከልም አለ። ወይዘሮ ገንዘቤ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ተነሳችበት።

«ሞት ካንተ ጋር ቀጠሮ አለው? ባንዲራዬ ያውልህ ከላይ፣ ለቅሶዬ ከታች ነው። አንዱ ሌላውን አይነካም!»

ድንኳኑ ተተከለ። እድሩ የሚሰጠውን አልቀበልም አለች አሉ፤ ሰው ሁሉ በኩራቷ ተገረመ።

እኔ ከልጆች ጋር በድንኳኑ ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። እማዬ ስትገባ ቀስ ብላ ነበር የገባችው። መሐል ላይ ስትደርስ ግን መሬት ላይ ተደፋች። ከእሷ የወጣውን ድምፅ ከሰው ሰምቼው አላውቅም። ፊቷን ነጨች፤ መሬቱን በእጇ ደበደበች። ሴቶቹ ሊይዟት ቢሞክሩ አልቻሏትም። ወይዘሮ ገንዘቤ ብቻ «ተዉዋት፣ ታልቅስልኝ» ትላለች። እማዬ መቀስ ጠየቀች። እኔ በየቅዳሜው ቅቤ የምቀባላትን፣ ሰው ሁሉ «የፍረወይኒ ሹሩባ» የሚለውን ጸጉሯን ከሥሩ እየቆረጠች ጭኗ ላይ ጣለችው።

«እንዲህ ነው ጎረቤት!» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ።

ካኪ የለበሰው ሰውዬም መጣ። ለቅሶ ለቅሶ ነውና ወግ አክብሮ ከወንዶቹ ጋር፣ ከአባቴ ጎን ተቀመጠ። እማዬ አላየችውም። አሁን ግጥም እያወረደች ነው፤ ከዚያ ግጥሙ አለቀባትና «ወደይ! ወደይ!» ማለት ጀመረች። በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው። እኔ እንኳ ገርሞኝ፣ አያሌው ልጇ አይደለም እኮ ብዬ ለልጆቹ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ሰውዬው አንገቱን ቀና አድርጎ «ምን ትላለች?» ብሎ አባዬን ጠየቀ። የአባዬ ፊት እንደ አመድ ነጣ።

ይሄኔ ወይዘሮ ገንዘቤ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ ተነስታ ራሷን ወረወረች፣ ያውም ሰውዬው ላይ! አግዳሚው ተገለበጠ፤ ሰውዬው ከነተወለወለ ጫማው ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ውሃ! አየር ስጧት! ሴቶቹ ሁሉ «ዋይ ዋይ» ሲሉ የእናቴ ድምፅ በመሐል ጠፋ። ወይዘሮ ገንዘቤ ዓይኗን ስትገልጥ እማዬን ጠርታ አንገቷን አቀፈቻትና የእማዬን አፍ ትከሻዋ ውስጥ ቀበረችው፤ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀቻትም።

ቅናት ነው ብዬ ፈረድኩ። በራሷ ወንድም ለቅሶ ላይ እናቴ በለጠቻት፤ ያንን አልቻለችም። ለወይዘሮ ገንዘቤ ባንዲራም ለቅሶም ከሰው በላይ መሆን አለበት።

ሰውዬው ልብሱን አራግፎ ሲወጣ ወደ አባዬ ጠጋ አለ። «አቶ አረጋዊ፣ ባለቤትዎ ትልቅ ሴት ናቸው» አለው። «የትግራይ ሴት ለመርሐቤቴ ሰው እንዲህ ስትሆን! አብዮቱ የሚፈልገው ይኼንን ነው።» አባዬ አመሰገነው። እኔ ኮራሁ። ከረሜላ ግን ያን ቀን አልሰጠኝም።

የብርኽቲ ጉዳይ አለፈ። ወይዘሮ ገንዘቤ ራሷ ስለ ቤተሰባችን መስክራለች ተባለ፤ እኔ ምን ብላ እንደዋሸችብን እግዜር ይወቀው አልኩ። ጥቅምት ላይ ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ሸኘናት። ብርኽቲ ተደስታ፣ ተሽቀርቅራ፣ የእማዬን አጭር ጸጉር እየዳበሰች ትቀልዳለች።

«ለገንዘቤ ወንድም ብለሽ ራስሽን የወንድ አስመሰልሽው! ዘርኡ ለገና ሲመጣ ይስቅብሻል። ሰላም በይልኝ እሺ? ከበረዶ አገር ፎቶ እልክልሃለሁ ብላሃለች በይው።»

«እነግረዋለሁ» አለች እማዬ። አውሮፕላኑ እስኪጠፋ እጇን አወዛወዘች። ብርኽቲ ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ዘርኡን እየጠየቀች ጻፈች። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የእህቴ ሳቅ ነው፤ ዛሬም ድረስ ያንን ቀልዷን ሳታነሳና ሳታለቅስ ስልክ አትዘጋም።

በ1983 መንግሥት ተለወጠ። ከወራት በኋላ ታጋዮች መጥተው በአደባባይ መርዶ ነገሩን፤ ዘርአጽዮን አረጋዊ ቀድሞ ተሰውቷል። ትልቅ ድንኳን ተተከለ፤ ፎቶው ተሰቀለ። እኔ ኮረዳ ሆኜ ነበርና የሰፈሩን ሰው ጆሮ እስካደነቁር አለቀስኩ። እማዬ ግን ዓይኗ ደረቅ ነው። እንግዳ ታስተናግዳለች፣ ልጆች እንዳይገፋፉ ትቆጣለች። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ገንዘቤን ከሌሎቹ የቀበሌ ሰዎች ጋር ወስደው አስረዋት ስለነበር በለቅሷችን አልተገኘችም። እማዬ የልጇን ድንኳን ትታ፣ ሰሃኗን በጨርቅ ቋጥራ፣ ስንቅ ይዛላት ሄደች! ሲመሽ ተመልሳ መጣች። ዕብደት ያዘኝ።

«ለእሷ ወንድም ጸጉርሽን ተቆረጥሽ፤ ለልጅሽ እንባ የለሽም?»

እማዬ ሰሃኑን እያጠበች ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

«እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለች።

ልቧ ደንድኗል ብዬ ተውኳት። ወይዘሮ ገንዘቤ ከእስር ስትወጣ አርጅታ ወጣች፤ ዩኒፎርሙ የለ፣ ጩኸቱ የለ። ሰው ሸሻት። እኛ ቤት ግን ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ትመጣለች። ሁለቱ ሴቶች ጓሮ ውስጥ፣ አባዬ መላጊያውን ይዞ በቆመበት ቦታ አጠገብ ተቀምጠው ንፍሮ ይቆረጥማሉ። እኔ «እንደምን ዋሉ» ብዬ አልፋለሁ፤ እሷ «ንግሥቲ፣ ደህና ነሽ ልጄ?» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ አልተቀመጥኩም። አባዬ ሞተ፤ ሰፈሩ ፈረሰ፤ እኛም እሷም ወደ ሲኤምሲ በኩል ተበተንን። ጳጉሜን ሲመጣ ግን እማዬን በመኪናዬ ወደ እሷ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን እያየሁ እጠብቃታለሁ።

ባለፈው ዓመት ወይዘሮ ገንዘቤ አረፈች። ቀብሯ ሳሊተ ምሕረት ነው። አስከሬኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት የእድሩ ሰዎች ከዘመድ ማን ከፊት እንደሚቆም ጠየቁ። ከመርሐቤቴ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«እህትም ወንድምም የላት» አሉ። «ለአባቷ ለእናቷ አንዲት ነበረች። ጡት ከጣለችበት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ከእሷ በፊትም በኋላም እናቷ አልወለደችም። እንግዲህ የአጎት ልጅ ነኝና እኔው ልቁም።»

አንዲት ነበረች። እማዬን ዞሬ አየኋት። ዘጠና ሊሞላት የተቃረበ ፊቷ አልተገረመም። እኔ ነኝ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ የቆምኩት። ገመዱ፣ ድንኳኑ፣ መቀሱ፣ ሣሩ ላይ የተዘረጋው ሰውዬ፣ ሁሉም በየቦታው ገባ።

«እማዬ...» አልኳት፤ «እንዴት አልነገርሽኝም?»

«ምስጢሩ የእሷ ነበር» አለች። «ወንድም አልነበረኝም ብላ ለማንም ሳትናገር ኖረች። ለልጄ ብላ የተሸከመችውን ሐሰት እኔ እንዴት አውርጄ ላውራው?»

ሳጥኑ ተነሳ። እማዬ ምርኩዟን ጣለችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት ወጣች። ማንም አልከለከላትም። ያንን ድምፅ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደገና ሰማሁት፤ ቀጥኗል እንጂ ያው ነው።

«ዋይ እህቴን! ዋይ የአያሌው እህት! የአያሌው እህት!»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ወይዘሮ ገንዘቤን «ደህና ነኝ፤ እርስዎስ እማማ?» ሳልላት፣ እጇን ሳልስማት፣ ንፍሮዋን ሳልቆረጥምላት የቀረሁት ሁሉ በአንዴ ደረቴ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እኒህ ሴትዮ የሚሉት አያሌው ማነው? እኛ ዘንድ እንደዚያ የሚባል ሰው የለም።»

«ወንድሜ ነው» አልኳቸው።